ንዳድና ቅሬታ፤ ስለ አሊዩ አምባ በተጻፉ ሁለት መጻሕፍት ላይ የቀረበ ሂስ

ሰው በደስታው ቀን እንዳይታበይ፥ በመከራውም ቀን እንዳይሰበር የሚመክር ብዙ ነው። ይህ የረጋ ልብ በአንድ ጸሐፊ ዘንድ መኖሩ የሚታወቀው ግን ሌላውን በመምከሩ ሳይሆን፥ ያየውን በሚናገርበት አኳኋን ነው። ለዚህም ነገር እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1844 ዓመት በሎንዶን የታተሙ ሁለት መጻሕፍት ምስክሮች ናቸው። ሁለቱም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ስለ ነበረችው ሸዋ፥ ከአንኮበርም ግርጌ ስላለችው ስለ ገበያይቱ ስለ አሊዩ አምባ ይናገራሉ።

የመጀመሪያው የኮርንዋሊስ ሐሪስ «የኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች» የተባለው ባለ ሦስት ክፍል መጽሐፍ ነው። ሐሪስ በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ፥ ገጸ በረከት አስጭኖ መጣ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከንጉሡ ጋራ ውል ተዋዋለ። ቃሉ ያጌጠ ነው፤ ነገር ግን አይረጋም። ተራራ ባየ ጊዜ አነጋገሩ ከተራራው በላይ ይወጣል፤ ያልለመደው ነገር በገጠመው ጊዜ ደግሞ ወደ ንቀት ይወርዳል። ስለዚህ አንባቢ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የአገሩን መልክ ሳይሆን የሐሪስን የዕለት ስሜት ነው።

ሁለተኛው የሐኪሙ የቻርልስ ጆንስተን የጉዞ መጽሐፍ ነው። ጆንስተን በ1842 ከታጁራ ተነሥቶ የአዳልን በረሃ ካለፈ በኋላ በአሊዩ አምባ ተቀመጠ፤ በዚያም ንዳድ ያዘው። ንዳድ ሰውን ዛሬ አንሥቶ ነገ የሚጥል በሽታ ነው፤ የታመመም ሰው ሁሉን ነገር በምሬት ቢያይ አያስደንቅም። እርሱ ግን ሕመሙን ሳይሸሽግ፥ በታመመባት መንደር ላይ ሳይፈርድባት፥ የዓርቡን ገበያ፥ የአሞሌውን ምንዛሪ፥ የሕዝቡን መብልና መጠጥ በትዕግሥት ይዘረዝራል። የረጋ ልብ ስሜት የሌለው ልብ ነው ለሚሉ ሰዎች ይህ መልስ ይሆናል፤ ጆንስተን ትኵሳቱን ተሰምቶታል፥ ነገር ግን የገዛ ትኵሳቱን የአገሩ ጠባይ አላደረገውም።

ቢሆንም መጽሐፉ ነቀፋ የሌለበት አይደለም። ነገሩ ወደ ሐሪስና ወደ መልእክተኞቹ በዞረ ጊዜ ብዕሩ ይሰላል፤ ቅሬታውም ይገለጣል። ነቀፋው በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ድምፁ ግን ገበያውን ሲዘረዝር የነበረው ድምፅ አይደለም። በሽታን የታገሠ ሰው ቅሬታን መታገሥ አቃተው።

የሁለቱም መጻሕፍት ትልቁ ትምህርት በዚህ ላይ ነው። ሐሪስን ክብር አናወጠው፤ ጆንስተንንም ንዳድ ያላናወጠውን ቅሬታ አናወጠው። ልብን ከሚፈትኑት ነገሮች ሁሉ የሚከፋው መከራ ብቻ አይደለም፤ መከበርና መናቅም ናቸው። ስለ ሰውና ስለ አገር የሚጽፍ ሁሉ ብዕሩን ሳያነሣ አስቀድሞ፥ ዛሬ የተከበረ ወይም የተቀየመ እንደ ሆነ ራሱን ይመርምር።