ስንቁን ይዞ የሚመጣ ሜሞሪ

መካኒሳ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ያለው ሰርቨር አንድ ብቻ ነው እንበል። በላዩ ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖች ይሠራሉ፤ አንዱ ለፋይናንስ፣ አንዱ ለኢሜይል፣ አንዱ ለተማሪዎች መዝገብ። ውጤት የሚለቀቅ ቀን ወላጅ ሁሉ በአንዴ ሲገባ የመዝገቡ ማሽን ሜሞሪ ያጥረዋል። ሰርቨሩ ላይ ለማንም ያልተሰጠ ሜሞሪ አለ። ማሽኑን አጥፍቶ፣ ጨምሮ ማስነሳት ይቻላል፤ ግን በዚያች ሰዓት ማን ደፍሮ ያጠፋዋል?

ሊኑክስ ለዚህ ያበጀው መላ ቀረብ ብሎ ሊታይ የሚገባው ሥራ ነው። አዲስ ሜሞሪ ማሽኑ ሳይጠፋ በሁለት ደረጃ ይገባል። መጀመሪያ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነሉ መምጣቱን ያውቃል፤ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ግን «ኦንላይን» ከተባለ በኋላ ነው። በተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ በ128 ሜጋባይት ብሎክ እየተከፈለ ይገባል። ሁለተኛውን ደረጃ መሣሪያዎችን በሚከታተለው ዩዴቭ ውስጥ የምትጻፍ አንዲት መስመር ደንብ ትፈጽመው ነበር። ደንቧ አጭርና ግልጽ ናት። ነገር ግን ዩዴቭ ራሱም ፕሮግራም ነው፤ ለመሥራት ሜሞሪ ይፈልጋል። እሱ እስኪነቃ ድረስ፣ እርዳታው ደጅ ቆሞ ሳለ፣ ከርነሉ ቦታ ለማግኘት ሲል ፕሮግራም መግደል ሊጀምር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ ሥራ ወደ ከርነሉ ውስጥ ገባ። ቅንብሩ ከበራ፣ ብሎኩ እንደደረሰ ማንም ሳይጠራው ኦንላይን ይሆናል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ከዚህ የሚቀጥለው ነው። ከርነሉ ለእያንዳንዱ 4 ኪሎባይት የሜሞሪ ገጽ 64 ባይት የሚያህል መግለጫ ይይዛል። አንድ ብሎክ ውስጥ 32,768 ገጾች አሉ፤ መግለጫቸው 2 ሜጋባይት ይወስዳል። 16 ጊጋባይት ሲጨመር 256 ሜጋባይት ይሆናል ማለት ነው። ያ ቦታ ከየት ይመጣል? ከአሮጌው፣ ሊያልቅ ከተቃረበው ሜሞሪ! እጥረትን ለማስታገስ ያለችውን ጥቂት ማራገፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሊኑክስ 5.13 ይህን ፈታው፤ አዲሱ ብሎክ መግለጫውን በራሱ መጀመሪያ ላይ እንዲይዝ ተደረገ። ስንቁን ይዞ እንደመጣ እንግዳ፣ ከባለቤቱ ጓዳ ምንም አይነካም። ለሥራ የሚቀረው 126 ሜጋባይት ነው፤ ዋጋው ያ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

መልሶ መቀነሱ ይህን ያህል አላማረም። ከርነሉ ለራሱ ጉዳይ የያዘው ገጽ በቀላሉ ከቦታው ስለማይነሳ፣ ብሎኩን መንቀል ብዙ ጊዜ አይሳካም።

ሰርቨር የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ ይህ የ5.13 ቅንብር ካላዘዛችሁት በራሱ አይበራም። ውጤት የሚለቀቅበትን ቀን ሳትጠብቁ በመሞከሪያ ማሽን ላይ ሞክሩት፤ ኮዱም ለሁሉ ክፍት ነውና አንብቡት።