«ሪስፔክት»፦ ፊት ከማየት ከሰው እስከ መቁጠር

የእንግሊዝኛው «ሪስፔክት» ወደ አማርኛ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ «አክብሮት» ይሆንና ነገሩ በዚያው ያበቃል። መዝገበ ቃላቱም ይህንኑ ይላል፤ ተርጓሚው አይቸገርም፤ አንባቢውም የገባው ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ቃሉ ባለፉት ስድስት መቶ ዓመታት የተጓዘበትን መንገድ ለተከተለ ሰው፣ «አክብሮት» አንዳንዴ ልክ፣ አንዳንዴ ደግሞ የነገሩን ፍሬ የሚያስት ትርጉም ሆኖ ይገኛል።

ቃሉ የላቲን ልጅ ነው። የመነሻ ፍቺውም «መለስ ብሎ ማየት» ነበር። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም ሲሆን፣ ያኔ የሚያገለግለው ለክብር ሳይሆን ለ«ረገድ» ወይም ለ«አንጻር» ነበር። በሼክስፒር «ሐምሌት» ውስጥ እንኳ፣ ልዑሉ ስለ መኖርና አለመኖር በሚያሰላስልበት ዝነኛ ንግግር፣ ቃሉ የገባው «ሰውን ቆም ብሎ እንዲያስብ የሚያደርግ ምክንያት» በሚል ፍቺ ነው። የዛሬውን ፍቺ ይዞ የሚያነብ ተማሪ እዚያ ላይ መደናቀፉ አይቀርም።

ከዚህም ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ቃሉ በአንድ ወቅት የነቀፋ ስም መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በያዕቆብ መልእክት ውስጥ፣ ለሰው «ሪስፔክት» ማድረግ ኃጢአት ነው። እኛ ፊት አይቶ ማዳላት የምንለው መሆኑ ነው፤ የወርቅ ቀለበት ላጠለቀው መቀመጫ ሰጥቶ ድሀውን ማቆም። ዓይን አይቷል፤ ያየው ግን ልብሱን ነው። ቃሉ ቆይቶ የ«ክብር»ን ፍቺ አጥብቆ ሲይዝም ይህ የዓይን ሚዛን ጨርሶ አልተለየውም። በቅድሚያ የሚከበረው ባለ ማዕረጉ፣ ባለ ሀብቱ፣ ባለ ስሙ ነበር።

ይህ ሚዛን በሰው ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ወደ አሜሪካ ደቡብ እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1963 ሜሪ ሃሚልተን የተባለች ጥቁር የሲቪል መብት ታጋይ አላባማ ውስጥ በኢቶዋ ካውንቲ ፍርድ ቤት ለምስክርነት ቆመች። በዚያን ጊዜ በነበረው ልማድ ነጩ «ሚስተር»፣ «ሚስ» ሲባል፣ ጥቁሩ ግን ሽበት ቢያበቅልም በመጀመሪያ ስሙ ብቻ ይጠራ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ «ሜሪ» ብሎ ሲጠይቃት፣ «ወይዘሪት ሃሚልተን» ካልተባለች እንደማትመልስ አስታወቀች። ዳኛው ችሎት ደፍረሻል ብለው አምስት ቀን እስራትና 50 ዶላር መቀጮ ፈረዱባት። ልብ እንበል፤ ክብር የጠየቀችው ሴት የተቀጣችው ክብር ነፍገሻል ተብላ ነው። «መከበር በከንፈር» እንዲሉ፣ ሙግቱ በሙሉ በአንዲት ቃል ላይ ነበር። በ1964 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ይህች ሴት ባለ ማዕረግ ልሁን አላለችም። የፈለገችው ማንኛዋም ነጭ ሴት ሳትጠይቅ የምታገኘውን ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ይኸው ጉዳይ በዘፈን መጣ። «ሪስፔክት» የተሰኘውን ዘፈን የደረሰውና በ1965 አስቀድሞ የተጫወተው ኦቲስ ሬዲንግ ነው። በእሱ አንደበት፣ ገንዘቡን ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባ ወንድ ከሴቲቱ ክብር ይጠይቃል። ክብሩ የእንጀራ አምጪነት ዋጋ ነው። በ1967 አሬታ ፍራንክሊን ያንኑ ዘፈን ወሰደችና ጠያቂዋን ሴት አደረገች። ሬዲንግ ያላሰበውንም ጨመረችበት፤ ቃሉን በፊደል በፊደል እየቆጠረች ጠራችው። ይህ ጌጥ ብቻ አይደለም። ፊደል የሚቆጠረው ላልገባው ነው፤ መምህር ደጋግማ አስረድታ ሰሚ ስታጣ የምታደርገው ነው። እህቶቿ ከኋላ ሲቀበሏት ደግሞ የአንድ ቤት ጭቅጭቅ የነበረው የብዙዎች ጥያቄ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ የእሷም ግጥም ከድርድር አልወጣም፤ ገንዘብ አሁንም ይነሳል። ድምፅዋ ግን ከግጥሙ አልፎ ይሄዳል። ዘፈኑ ለጥቁሮችና ለሴቶች ትግል መፈክር የሆነው በዚሁ ይመስለኛል።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ስቲቨን ዳርዋል በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ ሁለቱን ፍቺዎች ለያይቷቸዋል። አንደኛው ሰውን በሥራው ወይም በጠባዩ መዝኖ ማድነቅ ነው። ይህ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ሁለተኛው ሰው መሆኑን ብቻ አውቆ ለዚያ የሚገባውን መስጠት ነው። ይህኛው ሚዛን አይጠይቅም።

እንግዲህ የእኛ «አክብሮት» የትኛው ነው? አማርኛ «አንተ» ወይስ «አንቱ» ለማለት ገና አረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ዕድሜንና ደረጃን ያስመዝናል። ስለዚህ «ማክበር» ስንል ጆሯችን ወደ መጀመሪያው ፍቺ ያዘነብላል። ለሁለተኛው ግን ቋንቋችን ድሀ አይደለም። የተገፋ ሰው «ከሰው አልቆጠሩኝም» ይላል። ከዚህ የተሻለ ትርጉም የት ይገኛል?

የሜሪ ሃሚልተንን ጥያቄ «አክብሩኝ» ብለን ብንመልሰው ትዕቢተኛ እናስመስላታለን። «ከሰው ቁጠሩኝ» ብንል ጉዳዩ ይገለጣል። ይህ ልመና ይመስላል የሚል ይኖር ይሆናል። ሴትዮዋ ግን አልለመነችም፤ ከሰው እስክትቆጠር ድረስ አልመልስም አለች እንጂ። ተርጓሚም ሆነ ጋዜጠኛ «ሪስፔክት» ሲገጥመው፣ ተናጋሪው ከሌላው ከፍ ለማለት ነው የሚጠይቀው ወይስ ከሌላው እኩል ለመቆም ብሎ ይመርምር። ሁለቱን በአንድ «አክብሮት» መሸፈን እኩልነት የጠየቀውን ሰው ሹመት ፈላጊ ማድረግ ነው።