የመመለሻው ሂሳብ

መኪናቸውን ቤት አድርገው ከካይሮ የሚነሡ ፈረንጆች፣ የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሳይጀመር፣ በገላባትና መተማ ገብተው እስከ ስሜን ተራሮች ይዘልቁ ነበር። ነዳጁ፣ ቪዛው፣ መታከሚያው ሳይቀር ወረቀት ላይ ሰፍሮ ነው የሚነሡት። የዳባትና የደባርቅ ጎረምሳም ክረምቱ ሲወጣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል፤ ጦርነቱ ሳይመጣ ገዳሪፍም ይሻገር ነበር። የሚይዘው በሶና የመሄጃ ሂሳብ ብቻ ነው። ወባና ካላዛር እዚያ ይጠብቁታል። «የእኛ ሰው እቅድ አያውቅም» እንላለን፤ እኔም ስል ኖሬአለሁ። ግን በባዶ ኪስ ምኑን ያቅድ? የትራክተሩን ነዳጅ የማይረሳ ባለ እርሻስ ለአጫጁ አጎበርና የመመለሻ መሳፈሪያ ቢበጅት ምን ይጎድልበታል? እንግዲህ እቅድ የማያውቀው ማን ነው? ተጓዡ ነው ወይስ ቀጣሪው?