«የወር ገቢዎ ስንት ነው?»

በዩኒቨርሲቲዎቻችን መደርደሪያዎች ላይ ከተኮለኮሉት የመመረቂያ ጽሑፎች መካከል ስለ አንደኛ ደረጃ ተማሪዎች መቅረት የተጻፉትን የሚያገላብጥ ሰው መደምደሚያቸውን ከሽፋናቸው ይገምታል፦ ድሃ ቤተሰብ ልጁን ያስቀራል፣ ገቢው ሲያድግ ልጁ ይማራል። ሐሰት ነው አልልም። ግን ከተመረመረው በላይ የተመሰገነ ሐሳብ ነው።

ጉድለቱ ከመጠይቁ ይጀምራል። «የቤተሰቡ የወር ገቢ በብር» ይልና ከሥሩ ሳጥኖች ይደረድራል። ይህ የደመወዝተኛ ጥያቄ ነው። የገበሬው እህል ታኅሣሥና ጥር ላይ ጎተራ ይገባል፤ ክረምት ሲመጣ ይሟጠጣል። የዓመቱን ምርት ለ12 አካፍሎ ሳጥን የሚሞላ አጥኚ የሚፈልገውን ነገር በገዛ እጁ ይሰርዛል፤ ልጁ የቀረበት ወር በአማካዩ ውስጥ ይሰጥማልና። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የክፍሉ ወንበሮች የሚሳሱት ቤቱ ከሌላው ወር ይልቅ ስለደኸየ አይደለም፤ ማሳው የሰው እጅ ስለሚፈልግ ነው። «የአባት ሥራ» የሚለው ዓምድም ቀበሌው በሙሉ «ገበሬ» በሆነበት ምንም አይለይም። ከሁሉ የሚብሰው «የቤት እመቤት» የሚለው ሳጥን ነው። ውኃ የምትቀዳው፣ ጠላ የምትጠምቀው፣ ገበያ ወጥታ የምትሸጠው እናት ሥራ የላትም ተብሎ ይመዘገባል። በገበያ ቀን ሕፃኑን አዝላ ቤት የዋለችው ትልቋ ልጅ ደግሞ «በድህነት ምክንያት የቀረች» ትባላለች።

ሶንያ ባሎትራና ክሪስቶፈር ሄዲ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ስለ ጋናና ፓኪስታን ገጠሮች ባሳተሙት ጥናት፣ ሰፊ መሬት ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች አነስተኛ መሬት ካላቸው ቤተሰቦች ልጆች ይልቅ ብዙ ጊዜ በሥራ ላይ እንደሚገኙ አሳይተዋል። መሬት የጉልበት ጥያቄ ይዞ ይመጣል። የእኛም አገር ሰው ይህን ለማወቅ ጥናት አያሻውም፤ ከብት ያበዛ ቤት እረኛ ይፈልጋል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት ክፍያን አስቀረ፤ የልጁ የሥራ ቀን ግን ዋጋው አልቀረም።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት፣ ችግረኛ ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ ተሠማርቶ ክፍያ የሚያገኝበት ፕሮግራም፣ ይበልጥ ያስተምራል። ለወላጅ የሥራ ቀንም ክፍያም በአንድ ጊዜ ሰጥቷልና። ጆን ሆዲኖት፣ ዳንኤል ጊሊጋንና አለማየሁ ስዩም ታፈሰ ሲመረምሩት፣ በማኅበረሰብ ሥራ የታቀፉ ቤተሰቦች ወንዶች ልጆች የእርሻ ሥራቸው ቀነሰ፤ ከ6 እስከ 10 ዓመት ያሉ ሴቶች ልጆች ግን በአማካይ ከትምህርት ይበልጥ ቀሩ። ገቢ ገባ፣ ሥራ ተገኘ፣ ትንሿ ልጅ ቀረች። እናት እርከን ስትሠራ ቤቱን ማን ይይዛል? «ገቢ» የሚለው አንድ ቁጥር ለዚህ መልስ የለውም። ከዚህ ጥናት በኋላም ያንኑ መጠይቅ አባዝቶ ማዞር ስንፍና ነው።

የተሻለው ሰነድ ሩቅ አይደለም። የክፍል ኃላፊው መምህር በየማለዳው ምልክት የሚያደርግበት የስም መጥሪያ፣ ጠርዙ የተበላው እንኳ፣ ከብዙ የተጠረዘ ጥናት ይልቅ እውነት ይዟል፤ ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ለስንት ቀን እንደቀረ ይናገራል። አማካሪዎች ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁ የገቢ ሳጥን ከመሙላታቸው በፊት ያንን መዝገብ ከገበያ ቀንና ከአጨዳ ወቅት ጋር እንዲያመሳክሩ፣ ከዚያም ልጅቱ በቀረችበት ቀን የማንን ሥራ እንደሠራች እንዲጠይቁ አድርጓቸው።