መስታወት የሌላት ካሜራ

ፉጂፊልም ኤክስ-ቲ5ን ስይዛት ቀድሞ የገረመኝ ቅለቷ ነው፤ ባትሪና ሚሞሪ ካርዷን ጨምሮ 557 ግራም። ውስጧ የሚነሳና የሚወርድ መስታወት የለም፤ ብርሃኑ በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል።

የወደድኳት ግን በማሳያዋ ነው። ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ አንድ ፎቶ ላይ ሲገናኙ ብርሃን መመጠን ሁሌም ያስጨንቀኝ ነበር፤ ፊቱን ሳደምቅ የነጠላው ሽመና ይጠፋል። አሁን ዓይኔን ከማሳያው ሳልነቅል ከላይ ያለውን መዘውር አዞራለሁ፤ ልዩነቱን ፎቶውን ከማንሳቴ በፊት አየዋለሁ። እሁድ ክርስትና ላይ ድምፅ አልባውን መዝጊያ ሞከርኩ፤ በእናቱ እቅፍ ያንቀላፋው ሕፃን አልባነነም። እንዴት ያለ ፀጋ ነው!

መስታወት አልባ ካሜራዎች ግን በሥራ ላይ ሳሉ ማሳያቸው ስለማይጠፋ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳሉ። ለሠርግ ሥራ የምትገዙ ሁለት ትርፍ ባትሪ አብራችሁ ያዙ።