ውል የማያስረው ተበዳሪ

በባንክ የሕግ ክፍል የሚሠራ ጠበቃ እንጀራው ጥርጣሬ ነው። ተበዳሪው ቢሞትስ? ቢፋታስ? ወራሾች ቢካሰሱስ? እያልን በአንቀጽ ላይ አንቀጽ እንደርባለን። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ደግሞ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ ወረቀቱ ከተስተካከለ ገንዘቡ የትም አይሄድም ማለት ይቀናናል። ይህን እምነታችንን ክፉኛ የነቀነቀብኝ ሰው ራሱ ጠበቃ የነበረ አሜሪካዊ ነው፤ ሂው ማኩሎክ።

እ.ኤ.አ. በ1808 ሜይን ተወልዶ፣ ቦስተን ሕግ አጥንቶ፣ በ1833 ኢንዲያና ውስጥ ወደምትገኘው ትንሿ ፎርት ዌይን ሄደ። ጥብቅናው ብዙም አልቆየ፤ በ1835 የኢንዲያና ስቴት ባንክን የከተማዋን ቅርንጫፍ ያዘ። እንደዚያ ባለ ከተማ የተበዳሪውን ጠባይ ከሰነዱ ይልቅ ገበያው ይናገራል።

በ1862 ወደ ዋሽንግተን የወጣው የብሔራዊ ባንኮችን ረቂቅ ሕግ ሊቃወም ነበር። በዓመቱ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሳልሞን ቼዝ ያንኑ ሕግ እንዲያስፈጽም የመጀመሪያው ተቆጣጣሪ አደረገው። (ቼዝን የማደንቀው በዚህ ነው፤ የሕጉን ቀዳዳ ከተቃዋሚው በላይ ማን ያውቃል?)

በ1863 መጨረሻ ለባንኮቹ የላከው ምክር ዛሬም ለብድር ሠራተኛ ይሆናል። ብድርን በጥቂት ሰዎች እጅ አታከማቹ፤ ከተጠራጠራችሁ ጥርጣሬው ለባንኩ ይሁን፤ ገንዘቡን ብትፈልጉትም ባትፈልጉትም ቀኑ ሲደርስ አስከፍሉ ይላል። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። ብድር ሲራዘም በዚያ ቀን የሚከስር ሰው አይታይም፤ ደንበኛው ያመሰግናል፣ ሥራ አስኪያጁም ሪፖርቱ ያምርለታል። እኔን ግን የያዘኝ ሌላው ነው፤ እንዳያታልለኝ አድርጌ አስረዋለሁ ብላችሁ ከአጭበርባሪ ጋር አትዋዋሉ ማለቱ። ይህ በቀጥታ ለእኛ፣ ለውል አርቃቂዎቹ የተነገረ ነው። አጭበርባሪው አንቀጻችንን አንብቦት ነው የሚፈርመው። ሐራጁ የቤቱን ዋጋ ይመልስ ይሆናል፤ ግምቱ ከመጀመሪያው ተጋንኖ ከሆነ ግን ምኑን? ለሠራተኞቻችሁ ሳይሰርቁ የሚኖሩበትን ደመወዝ ክፈሉ የሚለውንም ጨምሮበታል፤ እንዲህ በግልጽ የሚጽፍ ተቆጣጣሪ ብዙ አላየሁም።

ፖለቲካው ላይ ያን ያህል አልቀናውም። በ1865 የገንዘብ ሚኒስትር ሲሆን፣ ለእርስ በርስ ጦርነቱ የታተመውን ግሪንባክ የተባለ የወረቀት ገንዘብ እንደ አንድ ደንበኛ እዳ ቆጥሮ ከገበያ መሰብሰብ ጀመረ። የሸቀጥ ዋጋ ወረደ፣ ዕዳው የከበደበት ባለዕዳ ጮኸ፤ ኮንግረስም በ1868 አስቆመው። እንደ እኔ፣ ፎርት ዌይንን ወደ ዋሽንግተን ይዞ መሄዱ ነው የጎዳው። ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ያላማረውን ደንበኛ ያሰናብታል፤ ሚኒስትር ግን ባለዕዳውን ገበሬ ወዴት ያሰናብተዋል?

ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ከታዋቂው የባንክ ባለሀብት ከጄይ ኩክ ጋር በለንደን ባንክ ከፈተ። በ1873 የኩክ ባንክ ተዘጋ፤ ገንዘቡን ኖርዘርን ፓሲፊክ በተባለ አንድ የባቡር ሐዲድ ላይ አከማችቶ ነበር።