ልማድ በዕጣ ሲፈተን፦ በሕፃናት የኩላሊት ሐኪሙ በጆናታን ክሬግ ምርምሮች ላይ የቀረበ ሂስ

የሕፃናት የሽንት ቧንቧ ሕመም ለሐኪሞች ብቻ የተተወ ርእስ ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ጉዳዩን በዚህ መጽሔት ማንሣት የፈለግነው፣ አንድ የሕፃናት የኩላሊት ሐኪም በገዛ ሙያው ውስጥ ሥር የሰደደን እምነት እንዴት ለፈተና እንዳቀረበ ማየት ከየትኛውም የዕውቀት ዘርፍ ለመጣ አንባቢ ትምህርት ስለሚሆን ነው። ሐኪሙ አውስትራሊያዊው ጆናታን ክሬግ ሲሆኑ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2000 እና በ2009 ያሳተሟቸውን ሁለት ጥናቶች እንመረምራለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ አስቀድሞ እምነቱ ከየት እንደ መጣ ማስታወስ ያስፈልጋል። ወደ ፊኛ የወረደ ሽንት ተመልሶ ወደ ኩላሊት እንዳይወጣ የሚያግደው፣ ከኩላሊት የሚወርደው ቧንቧ በፊኛው ግድግዳ ውስጥ አግድም አልፎ መግባቱ ነው፤ ፊኛ ሲሞላ ቧንቧው ተጨፍልቆ ይዘጋል። በአንዳንድ ሕፃናት ይህ መግቢያ አጭር ስለሚሆን ሽንት ሽቅብ ይመለሳል። ሐኪሞች ይህን ሪፍለክስ ይሉታል። በ1960 ሆድሰንና ኤድዋርድስ ሪፍለክስንና የኩላሊት ጠባሳን የሚያያይዝ ጥናት ካሳተሙ ወዲህ አንድ የምክንያት ሰንሰለት ተዘረጋ፤ ሪፍለክስ ኢንፌክሽንን ወደ ኩላሊት ያደርሳል፣ ኢንፌክሽን ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳም ውሎ አድሮ ኩላሊትን ያደክማል ተባለ። ከዚህም የተነሣ የሽንት ኢንፌክሽን የያዘው ሕፃን በፊኛው ቀጭን ቱቦ ገብቶለት በራጅ መመርመሩ፣ ሪፍለክስ ከተገኘበትም ለዓመታት በየዕለቱ አነስተኛ መጠን ያለው አንቲባዮቲክ መውሰዱ ወይም በቀዶ ሕክምና መታረሙ የተለመደ ሆነ።

ሰንሰለቱ ለአእምሮ የሚስማማ ስለ ነበር የሚጠይቀው አልበዛም። የታወቁት የበርሚንግሃም ጥናትና ዓለም አቀፉ የሪፍለክስ ጥናት ቀዶ ሕክምናን ከመድኃኒት ጋር አወዳድረው፣ በጠባሳ ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ይሁን እንጂ በሁለቱም ውስጥ ያለ ሕክምና የተተወ ቡድን አልነበረም። ሁለት ሕክምናዎች እኩል ሆነው መገኘታቸው ሁለቱም ስለሚጠቅሙ ወይም ሁለቱም ስለማይጠቅሙ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ የትኛው እውነት እንደ ሆነ ሳይታወቅ ልማዱ ቀጠለ።

ክሬግና ባልደረቦቻቸው በ2000 ያሳተሙት ጥናት የተነሣው ከዚህ ላይ ነው። ጥያቄው ቀላልና ደፋር ነበር፤ ይህ ሁሉ ሕክምና ኩላሊትን የሚያድን ከሆነ፣ ከአሥርት ዓመታት በኋላ በሪፍለክስ ሰበብ ኩላሊታቸው ሞቶ ለእጥበት ወይም ለንቅለ ተከላ የሚደርሱ ሰዎች ቁጥር መቀነስ የለበትምን? የአውስትራሊያንና የኒው ዚላንድን የእጥበትና የንቅለ ተከላ መዝገብ ሲመረምሩ የተጠበቀውን ቅናሽ አላገኙም። በእኛ አስተያየት የዚህ ሥራ ዋጋ ሸክሙን ማዛወሩ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ በተጠራጣሪው ላይ መሆኑ ቀርቶ በአካሚው ላይ ወደቀ። ሆኖም መዝገብ ሊናገር የሚችለው ውስን ነው። ዛሬ ኩላሊቱ የሚሞት ጐልማሳ ሕፃን የነበረው ሕክምናው ሳይስፋፋ ሊሆን ይችላል፤ በመዝገቡ የሚሰፍረው የበሽታ ስምም በመዝጋቢው ሐኪም ልማድ ይወሰናል። ጸሐፊዎቹ ለጥናታቸው ርእስ ያደረጉት ጥያቄ መሆኑ ይህን ለመገንዘባቸው ምስክር ይመስለናል።

መልሱን ለማግኘት ሕፃናትን በዕጣ መድቦ መፈተን ያስፈልግ ነበር። በ2009 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የወጣው ጥናት ይህን አደረገ። 576 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ በአገራችን ባክትሪም በሚለው ስሙ የሚታወቀውን ኮትሪሞክሳዞል፣ ገሚሶቹ መድኃኒትነት የሌለውን አምሳያ ለ12 ወራት ወሰዱ። ኢንፌክሽን የተመለሰባቸው መድኃኒቱን ከወሰዱት 288 ልጆች 36፣ አምሳያውን ከወሰዱት 288 ደግሞ 55 ነበሩ፤ ማለትም 13 ከመቶና 19 ከመቶ። አንድን ልጅ ከአንድ ኢንፌክሽን ለማዳን 14 ልጆች ዓመቱን ሙሉ በየዕለቱ መድኃኒት መውሰድ አለባቸው ማለት ነው። መድኃኒቱ ይሠራል፤ ጥቅሙ ግን ለአርባ ዓመታት ከታመነበት እጅግ ያነሰ ነው።

በዚህ ጥናት ላይ የምናቀርበው ሂስ ሁለት ነው። አንደኛው ስለ አማካይ ነው። ከልጆቹ ሪፍለክስ እንዳለባቸው የታወቀው 42 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ 71 ከመቶው የገቡት ከመጀመሪያ ኢንፌክሽናቸው በኋላ ነው። አጥኚዎቹ የስድስት ነጥቡ ቅናሽ በየንኡሳን ቡድኖቹ ተመሳሳይ እንደሚመስል ገልጸዋል። ነገር ግን ቡድን በተከፋፈለ ቁጥር የልጆቹ ብዛት እያነሰ ስለሚሄድ፣ ልዩነት አልታየም ማለትና ልዩነት የለም ማለት ለየቅል ናቸው። ከባድ ሪፍለክስ ላለባት ጨቅላና አንድ ጊዜ ብቻ ለታመመች የአምስት ዓመት ልጅ አንድ መልስ መስጠት ያዳግታል።

ሁለተኛውና ዋነኛው፣ የተለካው ነገር ነው። ጥናቱ በዋናነት የለካው የኢንፌክሽንን መመለስ ነው። ወላጅን እንቅልፍ የሚነሣው ግን የልጁ ኩላሊት ይተርፋል ወይ የሚለው ነው። ሕክምናው ለአርባ ዓመታት ሲሰጥ የኖረው ጠባሳን ይከላከላል ተብሎ እንደ መሆኑ፣ በ2000 ስለ ኩላሊት መሞት የጠየቁት ሊቅ በ2009 ስለ ኢንፌክሽን መልሰው መገኘታቸው በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለ ክፍተት ነው። ለክፍተቱ ምክንያት አለው፤ ጠባሳ ብርቅና አዝጋሚ በመሆኑ እሱን ለመለካት ብዙ ልጆችና ብዙ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ምክንያት መኖሩ ግን ክፍተቱን አይሞላውም።

የሞሉት ሌሎች ናቸው። በ2014 በአሜሪካ በታተመ ጥናት ሪፍለክስ ያለባቸው 607 ልጆች ለሁለት ዓመታት ተከታተሉ። ኢንፌክሽን የተመለሰባቸው መድኃኒት ከወሰዱት 302 ልጆች 39፣ ካልወሰዱት 305 ደግሞ 72 ነበሩ። ጠባሳ ግን በመጀመሪያዎቹ 11.9፣ በሁለተኞቹ 10.2 ከመቶ ሆኖ ልዩነት አልታየም። ዋጋውም ከባድ ነበር፤ በኢ. ኮላይ ኢንፌክሽን ከተመለሰባቸው መካከል ባክቴሪያው መድኃኒቱን የተላመደው መድኃኒት ሲወስዱ በነበሩት 63፣ በሌሎቹ 19 ከመቶ ነበር። በ2023 የታተመው የአውሮፓ ጥናት ከባድ ሪፍለክስ ያለባቸውንና ገና ኢንፌክሽን ያልያዛቸውን 292 ጨቅላዎች ወስዶ፣ የኢንፌክሽኑ ቁጥር ከ35.6 ወደ 21.2 ከመቶ ሲወርድ የጠባሳው ሁኔታ እንዳልተለወጠ አሳየ። ሰንሰለቱ የት ላይ እንደሚላላ ከዚህ ይታያል። ጠባሳ ከሚባለው ብዙው ሕፃኑ በማሕፀን ሳለ ኩላሊቱ በሚገባ ባለመሠራቱ የመጣ ነው፤ ከልደት በፊት የደረሰን ጉዳት ደግሞ ከልደት በኋላ የሚሰጥ መድኃኒት ሊከላከለው አይችልም።

የሕክምና መመሪያዎችም በዚህ ጉዞ ተለውጠዋል። የብሪታንያው ናይስ በ2007 ከመጀመሪያ ኢንፌክሽን በኋላ አንቲባዮቲክ በዘልማድ እንዳይሰጥ፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2011 ከመጀመሪያው ትኩሳታማ ኢንፌክሽን በኋላ የቱቦው ራጅ በዘልማድ እንዳይደረግ መክረዋል።

ይህ ሁሉ ለአገራችን ምን ይላል? የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በኢትዮጵያ የተደረገው በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ኩላሊት ሲሞት መተኪያው ብርቅና ውድ በሆነበት አገር መከላከል ከምንም በላይ ያስፈልጋል፤ የተሳሳተ መከላከል ግን ባክቴሪያውን ያለማምዳል እንጂ ኩላሊቱን አያድንም። ሌላም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። በሪፍለክስ ላይ የተነሣው ጥርጣሬ ወደ ሽንት መዘጋት መዛመት የለበትም። በሽንት መውጫው ላይ ተፈጥሯዊ ክዳን ያለበት ወንድ ሕፃን ሽንቱ ጉልበት አጥቶ ሲንጠባጠብ፣ ሳይዘገይ በቀዶ ሕክምና ካልታረመ ኩላሊቱን ሊያጣ ይችላል። ደጋግሞ የሚታመም ከፍ ያለ ልጅም አስቀድሞ ስለ ሆድ ድርቀቱና ሽንት ስለ መያዙ መጠየቅ አለበት፤ ይህ ራጅም ሆነ ላቦራቶሪ አይፈልግም።

በጠቅላላው ስንመዝነው፣ የክሬግ ሥራ ትልቁ ፍሬ አንድ ሙያ ለራሱ ልማድ ማስረጃ እንዲያቀርብ ማስገደዱ ነው፤ ጉድለቱ ራሱ ያነሣውን ከባድ ጥያቄ ለሌሎች መተዉ ነው። በውጭ የምንኖር የአገሪቱ ምሁራን የሌላውን አገር መመሪያ ወደ ቤታችን ስንልክ ትእዛዙን ብቻ መላክ ይቀናናል። መመሪያው ከየትኞቹ ልጆች እንደ ተገኘ፣ ከስንቶች ስንቱ እንደ ዳነ፣ ምን ዋጋ እንደ ተከፈለበትም አብረን ካልላክን፣ ትናንት ያለ ጥያቄ የተቀበልነውን ልማድ ዛሬም ያለ ጥያቄ በተቀበልነው ሌላ ልማድ መተካታችን ነው። የሚተከለው የመጀመሪያ መሣሪያም በየጤና ተቋሙ የሽንት ካልቸር መሥራት የሚችል ላቦራቶሪ እንዲሆን እንመክራለን፤ ሕመሙ በእርግጥ ኢንፌክሽን መሆኑ ሳይታወቅ ስለ መከላከያው መከራከር መሠረት አይኖረውምና።